ስለ ዳኛው ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ መስመር ያለፍኩት የቱ ላይ ነው?

ካባው አዲስ (ክሩን የከፈተ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የጥብቅና ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ትናንት ስምንት ወር የደከምኩበት የፍትሐ ብሔር መዝገብ ተፈረደብን። ከችሎት ስወጣ ደንበኛዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እዚያው እንደ ቆምኩ ስልኬን አወጣሁና በፌስቡክ ገጼ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

«ዛሬ የተሰጠው ውሳኔ በማስረጃ ያልተደገፈ ነው። ዳኛው መዝገቡን እንኳ አላነበቡም። ለምን እንዲህ እንደ ወሰኑ እርሳቸውና ወዳጆቻቸው ያውቁታል።»

የዳኛውን ስም አልጠራሁም። ችሎቱን ግን ጠርቻለሁ፣ በዚያ ችሎት የሚያስችሉት ደግሞ አንድ ዳኛ ብቻ ናቸው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ንዴቴ ሲበርድ አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ አንዱ ፎቶ አንሥቶ አሰራጭቶታል። ዛሬ ጠዋት የቢሮ ባልደረባዬ «ለዲሲፕሊን ጉባኤ አቤቱታ ሊቀርብብህ ነው» አለኝ።

እንድታጽናኑኝ አይደለም የጻፍኩት። ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ጥፋት የሆነው የትኛው እንደሆነ፣ ለምንስ ጥፋት እንደሆነ ንገሩኝ።

ደንቡ ይከበር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ሦስቱም። ጠበቃ የፍርድ ቤት መኮንን ነው። ቅሬታ ያለው ይግባኝ ይላል፤ ፌስቡክ ይግባኝ ሰሚ ችሎት አይደለም።

ሰበር ሰሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ወንድሜ ደንቡ ይከበር፣ እንዲህ ከሆነማ ሁላችንም ፈቃዳችንን እንመልስ። «ውሳኔው በማስረጃ ያልተደገፈ ነው» የሚለው እኮ በይግባኝ ማመልከቻ ላይ በየሳምንቱ የምንደግመው የዘወትር ጸሎታችን ነው። ለይግባኝ ሰሚው ዳኛ በጽሑፍ ማቅረብ የተፈቀደ ነገር ለአደባባይ ሲነገር በአንድ ጊዜ ነውር አይሆንም።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ለያይተን እንያቸው። የመጀመሪያው ስለ ወረቀቱ ነው፤ ውሳኔው ታትሞ ወጥቷል፣ ማንም አንብቦ «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» ሊለው ይችላል። ሁለተኛው ዳኛው በቢሯቸው ስላደረጉት ወይም ስላላደረጉት ነገር ነው። ሦስተኛው ስለ ልባቸው ነው። ከወረቀቱ ወደ ልብ በሄድክ ቁጥር የምታውቀው እያነሰ የምትናገረው እየከበደ መጣ።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው የሞዴል ደንብ ቁጥር 8.2 በብዙ ቦታ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። ጠበቃ ስለ ዳኛ ብቃት ወይም ሐቀኝነት ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ደንታ ሳይሰጠው እንዳይናገር ይከለክላል። ልብ በል፣ «ዳኛን አትንቀፍ» አይልም። «ዳኛን ቅር አታሰኝ» አይልም። የሚጠይቅህ ስታወራ ምን ታውቅ እንደነበር ነው። ስለዚህ እኔም ልጠይቅህ፦ መዝገቡን እንዳላነበቡ በምን አወቅህ?

ካባው አዲስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

አራት ምስክሮች አሰምተናል። ውሳኔው «ከሳሽ ሦስት ምስክሮችን አሰምታለች» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ስለ አራተኛው ምስክር አንድ ቃል አይተነፍስም። ዋናው ምስክራችን ደግሞ እርሱ ነበር። መዝገቡን ያነበበ ሰው እንዴት አራትን ሦስት ይላል?

ብዕረኛዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የፍርድ ቤት ዜና የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። እስካሁን የተጻፈውን ሳነብ ጉሮሮዬን የያዘኝን ልናገር።

ስለ ሐኪም ስሕተት ሐኪም ካልነገረን፣ ስለ ድልድይ ስንጥቅ መሐንዲስ ካልነገረን ማን ይነግረናል? ችሎት ውስጥ የሚሆነውን ከውስጥ የሚያውቁት ጠበቆች ናቸው። እኛ ጋዜጠኞች ቀጠሮ ስንጠብቅ ውለን የምንገባው ለአንድ ሰዓት ነው። እናንተ ግን አንድ ዳኛ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ውሳኔ እንዳዘገየ፣ ማንን እንደሚያቋርጥ፣ ማንን እንደሚታገሥ ታውቃላችሁ። ደንቡ ከሁሉ በላይ የሚያውቀውን ሰው አፍ ቀድሞ ይዘጋል። ምንም የማያውቀው አላፊ አግዳሚ ግን እንዳሻው ይናገራል።

የኒው ኦርሊንሱን ዐቃቤ ሕግ የጋሪሰንን ጉዳይ አስታውሱ። ስምንት ዳኞችን ሰነፎች ናችሁ፣ ዕረፍት ታበዛላችሁ፣ መዝገብ የተከማቸው በእናንተ ነው አላቸው። በስም ማጥፋት ወንጀል ተፈረደበት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ፍርዱን ሻረው። ስለ ባለሥልጣን የተነገረ ነቀፋ የሚያስቀጣው ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን ካወቀ ወይም ግድ ካልሰጠው ብቻ ነው አለ። «ሰነፍ» ማለት ስለ ውሳኔ ወረቀት ነው እንዴ?

ንጽጽር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

የብዕረኛዋ ምሳሌ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ጋሪሰን የወንጀል ጉዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ የዲሲፕሊን ክስ የቀረበላቸው አብዛኞቹ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መለኪያውን አጥብቀውታል። የጠበቃውን ልብ አይመረምሩም፤ «አስተዋይ ጠበቃ በዚያ ቦታ ቢሆን ይህን ለማለት በቂ መነሻ ነበረው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በሙሉ ልብ ማመን ብቻውን አያድንም። ካባው አዲስም በሙሉ ልቡ ሳያምን አልቀረም።

ለዚህ ክር የሚቀርበው የያግማን ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተወሰነ። ጠበቃው አንድን የፌዴራል ዳኛ አይሁድ ጠበቆችን እየለየ ይቀጣል፣ ሐቀኛ አይደለም፣ ችሎት ላይ ሰክሮ ነበር ብሏል። የሁለት ዓመት እገዳ ተጣለበት፤ ይግባኝ ሰሚው ግን አነሣለት። የሚያስደስተኝ ስድቦቹን አንድ በአንድ አንሥቶ የመረመረበት መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ጠበቃው የተነሣበትን ፍሬ ነገር ዘርዝሮ የሰጠው አስተያየት ነው አለ፤ አንባቢው ፍሬ ነገሩን አይቶ ራሱ መመዘን ይችላል። «ሐቀኛ አይደለም» የሚለውን፣ ከተነገረበት አገባብ አንጻር፣ በንዴት የወጣ የተጋነነ ቃል አድርጎ ቆጠረው። «ሰክሮ ነበር» የሚለው ግን እውነትነቱ ወይም ሐሰትነቱ ሊረጋገጥ የሚችል ፍሬ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሊያስቀጣ ይችል ነበር። ሐሰት መሆኑን ያስረዳ ሰው ስላልነበረ ብቻ አለፈ።

ይህን ወደ አንተ ጽሑፍ ስናመጣው ነገሩ ይገለጣል። «ውሳኔው ሦስት ምስክር ይላል፣ እኛ ያሰማነው አራት ነው፤ መዝገቡ የተነበበ አይመስለኝም» ብለህ ቢሆን ኖሮ አንባቢው መነሻህን ባየ ነበር። አንተ ግን መነሻውን ኪስህ ውስጥ አስቀርተህ መደምደሚያውን ብቻ ለሕዝብ ወረወርክ።

ደንቡ ይከበር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ሦስተኛውንም በዚህ ወንፊት አሳልፉልን እንግዲህ።

ንጽጽር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡02

አያልፍም። እዚያ ላይ እስማማለሁ።

ሰበር ሰሚ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሦስተኛው በአገራችን ቋንቋ ውስጠ ወይራ ይባላል። «እርሳቸውና ወዳጆቻቸው ያውቁታል።» የጻፈው ሰው ሲጠየቅ «እኔ ምን አልኩ? ጉቦ የሚል ቃል አለበት?» ይላል። የሚያነብበው ሰው ግን ከጉቦ ሌላ ምንም አያነብብም። ሰሙ ወዳጅነት፣ ወርቁ ገንዘብ። ቋንቋችን ለዚህ ዓይነት ንግግር ስለሚመች እኛ ጠበቆች ከሌላው አብልጠን ልንጠነቀቀው ይገባል ባይ ነኝ። በቀጥታ የተነገረ ክስ ማስረጃ ይጠየቅበታል፤ ተከሳሹም መልስ ይሰጥበታል። ለውስጠ ወይራ ግን መልስ የለውም። ዳኛው «እኔ ወዳጅ የለኝም» ብለው ይጻፉ?

እዚህ ላይ የኪፕሪያኑ ጉዳይ ትዝ ይለኛል። በቆጵሮስ አንድ የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያቀርብ ዳኞቹ አቋረጡት። እርሱም ተቆጥቶ እኔ ስናገር እናንተ «ራቫሳኪያ» ትላላካላችሁ አላቸው። ቃሉ በግሪክኛ በድብቅ የሚላክ ቁራጭ ወረቀትም ነው፣ የፍቅር ደብዳቤም ነው። ዳኞቹ ወርቁን ሰሙና እዚያው በዚያው አምስት ቀን እስራት ፈረዱበት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2005 ተሰደብን ያሉት ዳኞች ራሳቸው ከሳሽ፣ ምስክርና ፈራጅ መሆናቸውን ነቀፈ፤ ቅጣቱንም ከመጠን ያለፈ አለው።

(ጠበቃው ምን ማለቱ እንደነበር እስካሁን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው ብዬ እገምታለሁ። የውስጠ ወይራ ትርፉም ኪሳራውም ይኸው ነው።)

የቀድሞ ወንበር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ለዐሥራ አራት ዓመት አስችያለሁ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ከወንበሩ በኩል ያለውን ልንገራችሁ፤ ክብርን ስለ መጠበቅ አይደለም የምናገረው።

አንድ ጊዜ አንድ ጠበቃ በሬዲዮ ቀርቦ ስሜን ጠርቶ «አድልዎ ፈጽመዋል» አለ። ምላሽ መስጠት አልቻልኩም። ዳኛ ስለ ወሰነው ጉዳይ በሬዲዮ አይከራከርም፤ መልሱን በውሳኔው ውስጥ ጽፏል ተብሎ ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ቤተሰቤ ሰምቷል፣ ጎረቤት ሰምቷል፤ እርሱን ተውት፣ ያልፋል። ያላለፈው ሌላ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ያው ጠበቃ በሌላ መዝገብ ፊቴ ቆመ። ቀጠሮ እንዲለወጥለት ጠየቀ። ምክንያቱ እርባና ቢስ ነበር፤ ሌላ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር እመልሰው ነበር። እኔ ግን ፈቀድኩለት። ለምን? «ቂም ይዞ ነው» እንዳይባል። በተቃራኒው ወገን ከሩቅ ቦታ ምስክር ይዘው የመጡ አዛውንት ነበሩ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጠበቃው በሬዲዮ እኔን ሲናገር የዚያን ዕለት ዋጋውን የከፈሉት እርሳቸው ናቸው። ሰዎች ዳኛን መናገር ዳኛውን ጨካኝ ያደርገዋል ብለው ይፈራሉ። እኔን ያደረገኝ ፈሪ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ዛሬም አላውቅም።

እንዲህም ሆኖ ካባው አዲስ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል መመለስ አለበት አልልም። ውሳኔዬ በማስረጃ አልተደገፈም ያሉኝን ጠበቆች ቆጥሬ አልዘልቃቸውም። ጥቂቶቹ ትክክል ነበሩ።

ተራ ተከራካሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

ይቅርታ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ስታወሩ ሰምቼ ገባሁ። የውርስ ክርክር ነበረኝ፣ ተረታሁ። ጠበቃዬ ከችሎት ስንወጣ «ዳኛው ተገዝቷል፣ እዚህ አገር ፍትሕ የለም» አለኝ። አመንኩት። ይግባኝም አላልኩም፤ የተገዛ ቤት ምን ያደርግልኛል ብዬ። ለሦስት ዓመት የማላውቀውን ዳኛ ስረግም ኖርኩ። በኋላ ለሌላ ጉዳይ የያዝኩት ጠበቃ የድሮውን ውሳኔ አንብቦ «የተረታኸው በይርጋ ነው፤ ክሱ የቀረበው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው» አለኝ። ያዘገየው ያው ጠበቃዬ ነበር።

ሰበር ሰሚ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ይህን በየጥብቅና ቢሮው በር ላይ መስቀል ያስፈልጋል። ስለ ዳኛው ጉቦ ከሰማኋቸው ወሬዎች ስንቶቹ በይርጋ ላይ የተደረበ ብርድ ልብስ እንደ ነበሩ እግዜር ይወቀው።

መዝገብ ጠባቂ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

በፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሠርቻለሁ። ክርክራችሁ ከፍ ያለ ነው፤ እኔ ዝቅ ያለ ጥያቄ አለኝ። ካባው አዲስ፣ አራተኛው ምስክር የተሰማው በዚሁ ዳኛ ፊት ነው?

ካባው አዲስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡12

አይደለም። ያን ጊዜ ያስችሉ የነበሩት ሌላ ዳኛ ናቸው፤ ተዛውረዋል። አዲሱ ዳኛ መዝገቡን የተረከቡት ከምስክር መስማት በኋላ ነው።

መዝገብ ጠባቂ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንዲህ ከሆነ ነገ ጠዋት ሄደህ መዝገቡን አስወጣ። ቃሉ በድምፅ ከተቀዳ ተገልብጦ፣ ታትሞ ከመዝገቡ ጋር መያያዙን ገጽ በገጽ እይ። ዳኛ የሚያነብበው በፊቱ የቀረበውን ነው። ይህን ሳታይ ስለ ማንበብና አለማንበብ አትከራከር።

ብዕረኛዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

የቀድሞ ወንበር የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአዛውንቱ ነገር ልብ ይነካል። ግን አንድ ጥያቄ እንዳንሸሽ እፈልጋለሁ። ጠበቃውን የሚቀጣው ማን ነው? ከጉባኤው በኋላ ይግባኙን የሚሰማው ፍርድ ቤት ነው። የተሰደበው ወገን ባልደረቦች ናቸው ሚዛኑን የያዙት።

የፈረንሳዩ የሞሪስ ጉዳይ ሁለቱንም ይዟል። ጂቡቲ ውስጥ ሞቶ የተገኘ የአንድ ፈረንሳዊ ዳኛ ባለቤት ጠበቃ ምርመራውን የያዙትን ዳኞች ገለልተኝነት የሚነቅፍ ቃል ለጋዜጣ ሰጠ፤ በስም ማጥፋት ተፈረደበት። ጉዳዩን በመጨረሻ በአገሩ ካዩት ዳኞች አንዱ ቀደም ሲል ለተነቀፈችው ዳኛ ድጋፉን በይፋ የገለጸ ሰው ነበር። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2015 የመናገር ነጻነቱም፣ ገለልተኛ በሆነ ፍርድ ቤት የመዳኘት መብቱም ተጥሷል አለ። ዳኞች በሥራቸው ላይ ከተራው ሰው የሰፋ ነቀፋ መታገሥ እንዳለባቸውም ተናግሯል።

የህንዱ የፕራሻንት ቡሻን ነገርስ? ስለ ዋናው ዳኛና ስለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጻፋቸው ሁለት የትዊተር መልእክቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት ደፍረሃል ተባለ። ቅጣቱ አንድ ሩፒ። ካልከፈለ ሦስት ወር እስራትና ሦስት ዓመት በዚያው ፍርድ ቤት ጥብቅና ከመቆም መታገድ። ከፈለ። በአንድ ሩፒ የተጠበቀ ክብር ምን ዓይነት ክብር ነው?

ንጽጽር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡30

የሞሪስን ጉዳይ በትክክል አቅርበሽዋል፤ ግን ሌላም ዐረፍተ ነገር አለበት። ያው ችሎት ጠበቃ ከጋዜጠኛ ጋር እኩል አይቆጠርም ብሏል፤ ጠበቃ ከዳር ሆኖ የሚዘግብ ታዛቢ ሳይሆን በክርክሩ ውስጥ ያለ የአንደኛው ወገን አፍ ነውና። የሞሪስ ንግግር የዳነው በቂ መነሻ ስለ ነበረው ነው፤ ጠበቃ በመሆኑ ብቻ አይደለም።

ፍርድ ቤትን በማንቋሸሽ መክሰስን በተመለከተ ከአንቺ ጋር ነኝ። እንግሊዝና ዌልስ ያን ጥንታዊ ወንጀል እ.ኤ.አ. በ2013 ሰርዘውታል፤ ፍርድ ቤቶቻቸው በዚህ አልፈረሱም። ወንጀል አንድ ነገር ነው፣ የሙያ ደንብ ሌላ። አለዚያ የተባበሩት መንግሥታት የሃቫና መርሆዎች ትርጉም አይኖራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጡት እነዚያ መርሆዎች ጠበቆች ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ አሰጣጥ በአደባባይ የመናገር መብት አላቸው ካሉ በኋላ፣ መብቱን ሲጠቀሙበት በሕግና በሙያቸው ሥነ ምግባር ልክ ይሁን ይላሉ። ሁለቱም በአንድ አንቀጽ ናቸው።

ብዕረኛዋ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ይሁን። ጉቦውን በዓይኑ ያየ ጠበቃስ?

የቀድሞ ወንበር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም፤ ዝምታው ራሱ ጥፋት ነው። ሰበር ሰሚ የጠቀሱት ሞዴል ደንብ እንኳ በሚቀጥለው ቁጥር፣ በ8.3፣ ዳኛ ለወንበሩ ብቁ መሆኑን በብርቱ የሚያጠራጥር ጥሰት መፈጸሙን የሚያውቅ ጠበቃ ለሚመለከተው አካል ያስታውቅ ይላል። መጀመሪያ የሚሄደው ዳኞችን ወደሚመረምረው አካል ነው፤ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ።

የምትጠይቂኝን አውቀዋለሁ፤ አቤቱታው ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥስ? ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። ያን ጊዜ ጠበቃው «በዚህ ቀን ይህን አቤቱታ አቅርቤ መልስ አላገኘሁም» ብሎ በአደባባይ ቢናገር እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። ያ እውነት ነው፤ ማንም ሊያጣራው ይችላል። ሚዛኑን የያዙት ዳኞች ናቸው ያልሽውም ልክ ነው። የሚነቅፉንን ራሳችን ስንዳኝ ሰው ባያምነን አይገርምም።

ደንቡ ይከበር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አላነሣውም። ሲያሸንፉ «ጀግናው ዳኛ!» ብለው የሚጽፉትስ? የተረታው ወገን ይህን ሲያነብ ምን ያስባል? ለእኔ ይህም ያው ውስጠ ወይራ ነው፤ በስኳር የተለወሰ።

ሰበር ሰሚ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡22

ዛሬ ተስማማን። ቀኑን መዝግቡልኝ።

ካባው አዲስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡50

ከመዝገብ ቤት መመለሴ ነው።

የአራተኛው ምስክር ቃል መዝገቡ ውስጥ የለም። የድምፅ ቅጂው አለ፤ ተገልብጦ ሳይያያዝ ቀርቷል። ዳኛው በፊታቸው የነበረውን አንብበዋል፤ በፊታቸው የነበሩት ሦስት ምስክሮች ናቸው። የሚያሳፍረኝ ሌላው ደግሞ የመጨረሻ ማጠቃለያ ንግግሬን በጽሑፍ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አውጥቼ አነበብኩት። ስለ አራተኛው ምስክር የጻፍኩት «ሌሎች ምስክሮችም ይህንኑ አጠናክረዋል» የሚል ነው። ቁጥር የለው፣ የተሰማበት ቀን የለው። የመዝገቡን ገጾች ከማጠቃለያው በፊት አልቆጠርኩም። መዝገቡን ያላነበብኩት እኔ ነበርኩ።

ዛሬውኑ ወደ ዳኛው ቢሮ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ።

የቀድሞ ወንበር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡04

እንዳትሄድ!

ልጄ፣ ጉዳዩ አላለቀም። ይግባኝ ሰሚው መዝገቡን መልሶ ሊልከው ይችላል፤ የሚልከው ደግሞ ወደ እርሳቸው ነው። ተቃራኒው ወገን በሌለበት ዘግተህ ከዳኛው ጋር ስታወራ ብትታይ ከመጀመሪያው የባሰ ሁለተኛ ጥፋት ነው። ደብዳቤም በግል አትላክ። በካናዳ ዶሬ የተባለ ጠበቃ እርሱን ችሎት ላይ ያዋረደውን ዳኛ በግል ደብዳቤ ዘለፈው፤ ደብዳቤው የግል መሆኑ አላዳነውም፤ ሃያ አንድ ቀን ታገደ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ጥፋተኛ መባሉን አጸናው። ዳኛውም በበኩሉ ተገሥጿል። ያንተ የይቅርታ እንጂ የስድብ ደብዳቤ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ያጠፋኸው በአደባባይ ነውና የምታርመውም እዚያው ነው።

ሰበር ሰሚ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡20

አሁን ይግባኝህ ከመቼውም ይልቅ የጠነከረ መሆኑን አስተውለሃል? የተሰማ ምስክር ቃል ሳይመዘን ተወስኗል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ እንደ ቆመ ነው፤ ምክንያቱ ግን አንተ ካሰብከው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዳኛውን ስትከስስ ዋናውን የይግባኝ ምክንያትህን ልታጣው ነበር።

ሌላም አለ። ያን ሁሉ ስትጽፍ ደንበኛህ ፈቅዳልህ ነበር? ክርክሩ የእርስዋ ነው። መዝገቡ ከተመለሰ ያው ዳኛ ፊት የምትቀርበው እርስዋ ናት።

ካባው አዲስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡45

አልጠየቅኋትም። አሁን ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእኔን ማጠቃለያ ጭምር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ይግባኙን አንተው ትጽፈዋለህ?» አለችኝ። ከፈለገች ሌላ ጠበቃ መያዝ እንደምትችል ነገርኳት። እስከ ነገ አስባ ልትነግረኝ ነው።

ገጼ ላይ ሊወጣ የሚችለውን አርቅቄያለሁ፦

«ሰኞ ዕለት ስለ አንድ ውሳኔ በጻፍኩት ውስጥ ዳኛው መዝገቡን አላነበቡም ማለቴ ስሕተት ነበር። ከዚያ በኋላ ያጣራሁት ነገር የተናገርኩትን ይቃረናል። ስለ ውሳኔያቸው ምክንያት በአሽሙር የጻፍኩትም ምንም መነሻ አልነበረውም። በጽሑፌ ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔውን ግን አልቀበለውም፤ ምክንያቴን በይግባኝ አቀርባለሁ።»

ደንቡ ይከበር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡58

«ቅር የተሰኘ ካለ» የሚለውን አውጣው። ቅር የተሰኘው ማን እንደሆነ ታውቃለህ።

መዝገብ ጠባቂ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡03

«ያጣራሁት ነገር» ብለህ መተውህ ጥሩ ነው። ቃሉ ሳይያያዝ የቀረው በማን ጥፋት እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ቀጥለህ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ላይ እንዳትዞር። ለይግባኙ ግን የድምፅ ቅጂው ተገልብጦ እንዲያያዝ በጽሑፍ አመልክት፤ የገቢ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ያዝ።

ብዕረኛዋ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡30

አንተ ተሳሳትክ ማለት ሌላው ሁሉ ዝም ይበል ማለት አይደለም፤ ይህን አሁንም እላለሁ። ማስተካከያህን ግን የመጀመሪያውን ያሰራጩት ሰዎች እንደማያሰራጩት ስለማውቅ እኔ አጋራዋለሁ።

ካባው አዲስ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡15

«ቅር የተሰኘ ካለ» ወጥቷል፤ «ዳኛውን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ሆኗል። ጽሑፉን ለጥፌዋለሁ፤ ለዲሲፕሊን ጉባኤው መልስ ከጠየቁኝም ይህንኑ ከእነ ቀኑ አያይዛለሁ። ደንበኛዬ ደውላለች። ይግባኙን አብረን እንቀጥላለን፤ ግን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ገጽ እርስዋም ልታነብበው ትፈልጋለች። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ትመጣለች።